ጥልፍልፍ ስለሚባለው ቃል

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በአማርኛ ክበብ ስም የተነገረ)



የአማርኛ ክበባችን በዚህ በዓል ላይ ንግግር እንዳደርግ በመረጠኝ ጊዜ፥ «ስለ ምን ልናገር?» እያልሁ ብዙ ቀን አሰብሁ። ስለ ትምህርት ጥቅም እንዳልናገር፥ ከእኔ የተሻሉ ሰዎች በዚሁ መድረክ ላይ ብዙ ጊዜ ተናግረውበታል። ስለ አገር ታሪክ እንዳልናገር፥ የታሪክ መምህራችን ከፊት ተቀምጠው ያዩኛል። ስለዚህ አንድ ቃል ብቻ ይዤ መጣሁ። ቃሉም ጥልፍልፍ የሚለው ነው።

ይህን ቃል ያስመረጠኝ ጠብ ነው። ነገሩም እንዲህ ነበር። ባለፈው ዓመት በክፍላችን «የተወለድሁበት አገር» በሚል ርእስ ድርሰት እንድንጽፍ ታዘዝን። አንዱ ጓደኛችን ስለ ይፋት ቆላ ሲጽፍ፥ «የአገሬ ሕዝብ ጥልፍልፍ ሕዝብ ነው» ብሎ ጀመረ። ድርሰቱ ለክፍሉ በሚነበብበት ጊዜ ከኋላ ተቀምጣ የነበረች አንዲት ልጅ ብድግ ብላ፥ «ሰው እንደ ተበላሸ ክር ጥልፍልፍ ይባላል ወይ? እኛን መስደብህ ነው!» አለችው። እሱም «ማመስገኔ እኮ ነው» ቢል ማን ይስማው! ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ፤ የደወሉ ድምፅ ባያድነን ኖሮ ነገሩ ከቃል አልፎ ይሄድ ነበር።

ልጅቱ በከንቱ አልተቆጣችም። በ2013 ዓ.ም. በመጋቢትና በሚያዝያ ወር በአጣዬና በአካባቢው በተነሣው ግጭት ብዙ ሰው ሲሞትና ብዙ ቤት ሲቃጠል፥ ቤታቸውን ጥለው ከሸሹት መካከል የእርስዋም ዘመዶች ይገኙ ነበር። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያም ጦርነቱ እስከዚች እስከ ሸዋ ሮቢት ድረስ መጥቶ ሁላችንም አየነው። ከዚያ ወዲህ «የዚህ አገር ነገር ተጠላልፎአል» የሚል ሰው ሁሉ ራሱን እየነቀነቀ ነው የሚለው። እርስዋም ቃሉን የሰማችው በዚሁ ዜማ ነው። ልጁ ደግሞ እናቱ ጥልፍ ጠላፊ ናቸው፤ እሱ ቃሉን የሚያውቀው ከእናቱ ጭን ላይ ነው። እንግዲህ ሁለት ልጆች አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው፥ አንድ ቃል ሰምተው፥ አንዱ ጌጥ ሌላዋ ቁስል አዩበት።

መምህራችን ለማንም አልፈረዱም። «ሂዱና የቃሉን ባለቤቶች ጠይቁ» ብቻ አሉን። እኔም በክረምቱ ዕረፍት ይህን ሳደርግ ከረምሁ። አሁን የምነግራችሁ ያገኘሁትን ነው።

በመጀመሪያ ስለ ቃሉ ትውልድ ጥቂት ልናገር። ሥሩ ጠለፈ የሚለው ግስ ነው። ከዚህ ከአንዱ ግስ ጠላፊ፥ ጠለፋ፥ ጥልፍ፥ መጥለፊያ፥ ተጠለፈ፥ አስጠለፈ፥ ጠላለፈ፥ ተጠላለፈ እየተባለ ብዙ ልጅ ይወለዳል። አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ በ1962 ዓ.ም. በታተመው በታላቁ መዝገበ ቃላታቸው ቃላትን የሚያስቀምጡት በግሳቸው ሥር ነው፤ የልጅ ልጁን ለማግኘት የአያቱን ደጅ ማንኳኳት ግድ ነው። ለእኛ ለተማሪዎች ይህ አሠራር መጀመሪያ ያስቸግራል፤ ከለመዱት በኋላ ግን ቃላት ዘመድ እንዳላቸው ያስተምራል።

ጥልፍልፍ ከሌሎቹ የሚለየው የመጨረሻዎቹ ሁለት ፊደሎች ስለሚደገሙ ነው። አማርኛችን አንድ ሥራ እየተመላለሰ መደረጉን ለማሳየት ሲፈልግ ጅራቱን ይደግመዋል። አንድ ቀን የቀበጠ ልጅ ቀበጠ ይባላል፤ ዕረፍት ያጣ እንደሆነ ግን ቅብጥብጥ ነው። የገለበጠ ሰው አንድ ጊዜ ገለበጠ፤ ሣጥኑ ሁሉ የተበረበረ እንደሆነ ግልብጥብጡ ወጣ እንላለን። እንዲሁም አንድ ክር በሌላው ላይ አንድ ጊዜ ቢያልፍ ጥልፍ ነው፤ እየሄደ እየተመለሰ፥ ከላይ እያለፈ ከታች እየገባ ቢደጋገም ጥልፍልፍ ይሆናል።

አንድ ነገር ደግሞ አስተዋልሁ። ከአዲስ አበባ ወደኛ ከተማ 220 ኪሎ ሜትር ያህል ሲመጣ፥ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጣርማ በር ብርዱን ትቶ በደብረ ሲና በኩል እየተጠማዘዘ የሚወርደውን መንገድ ሁላችሁ ታውቁታላችሁ። ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ከፍታው ወደ 1,280 ሜትር ገደማ ወርዶ፥ መንገደኛው ካፖርቱን በክንዱ ይዞ ይገኛል። ይህን መንገድ ማንም ሰው ጠመዝማዛ ይለዋል እንጂ ጥልፍልፍ አይለውም። ምክንያቱን አያቴን ብጠይቃቸው፥ «መንገዱ አንድ ነዋ! ከማን ጋር ይጠላለፋል?» አሉኝ። መዝገበ ቃላት ከዚህ የተሻለ ሊናገር አይችልም። አንድ ነገር ብቻውን ይጠመዘዛል፥ ብቻውን ይጠቀለላል፤ ለመጠላለፍ ግን ሁለተኛ ያስፈልገዋል። አንድ ክር ብቻውን ተጠላለፈ ቢባል እንኳ፥ አንደኛው ጫፉ ለሌላው ጫፉ ባዕድ ሆኖበት ነው።

አሁን ወደ ባለቤቶቹ ልሂድ። መጀመሪያ የጠየቅሁት የገዛ እናቴን ነው። እናቴ የቀሚስ ጥልፍ ትጠልፋለች። ጥልፍና ጥበብ አንድ የሚመስለን ብዙዎች ነን፤ እርስዋ ግን ስቃ አረመችኝ። ጥበቡ ወይም ጥለቱ ከሸማው ጋር አብሮ የሚሠራ የሸማኔው ሥራ ነው፤ ጥልፍ ግን ጨርቁ ካለቀ በኋላ በመርፌ የሚደረግ ነው። መርፌው ይወጣል፥ ይገባል፤ ቀዩ ክር በቢጫው ላይ ያልፋል፥ ቢጫው ደግሞ ተመልሶ በቀዩ ላይ ያልፋል። በመስቀሎቻችን ላይ የምናየውም፥ በብራና መጻሕፍት ራስጌ ላይ ጸሐፊዎች የሚሥሉት ሐረግ የሚባለው ጌጥም በዚሁ ሥርዓት የሚሄድ ነው። (ሐረግ ማለት በዛፍ ላይ የሚጠመጠም ተክል መሆኑን ታውቃላችሁ። የዘር ሐረግም እንላለን፤ በሰዋስው መጽሐፋችን ውስጥ ደግሞ ሐረግ የቃላት መያያዣ ነው። ለፈተና ስናጠናው የሚያስቸግረን እሱ ነው።)

እናቴ ያስተማረችኝ ዋና ነገር ግን ሌላ ነው። ልጅ ሳለሁ የክር መያዣዋን እነካባታለሁ፤ ክሮቹም እርስ በርሳቸው ይያያዛሉ። እኔም ደንግጬ ከመምጣትዋ በፊት ልፈታው ብዬ እጎትታለሁ። በጎተትሁት ቁጥር ይጠብቃል። እርስዋ መጥታ አንድ ቃል ብቻ ትናገራለች፦ «አትጎትቺ፤ ውሉን ፈልጊ።» ውል ማለት የልቃቂቱ ጫፍ፥ ክሩ የሚያዝበት መጀመሪያ ነው። ውሉ የተገኘ እንደሆነ ያ ሁሉ ጥልፍልፍ እየተላላ ይመጣል፤ ውሉ የጠፋ እንደሆነ ግን ክሩን ወይ መቁረጥ ወይ መጣል ነው። ይህን ነገር በልባችሁ አኑሩልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ሁለተኛ የጠየቅኋቸው አያቴን ነው። እሳቸው ክር አያውቁም፤ ገበሬ ናቸው። ነገር ግን ጠለፈ የሚለውን ቃል ከእናቴ ይልቅ የሚናገሩት እሳቸው ናቸው። «ዘንድሮ ወንዙን ከላይ ጠለፍነው» ይላሉ። የቆላ ልጅ የሆነ ሁሉ ይህን ያውቀዋል፤ ደጋ ያደገ ተማሪ ግን ወንዝ እንዴት ይጠለፋል ብሎ ይገረማል።

አያቴ እንዳስረዱኝ ሥራው እንዲህ ነው። ክረምቱ ወጥቶ የወንዙ ኀይል በሚቀንስበት ጊዜ ገበሬዎቹ ተሰብስበው ከማሳቸው በላይ ወዳለ ቦታ ይወጣሉ። ወንዙን ከዳር እስከ ዳር አይዘጉትም፤ እንዲያ ቢያደርጉ በመጀመሪያው ጎርፍ ተጠራርጎ ይሄዳል። ይልቁንስ ድንጋይ ወደ ጎን ሰያፍ አድርገው ይደረድራሉ፤ በድንጋዩም መካከል የግራር ቅርንጫፍ እያስገቡ፥ ቅጠልና ጭቃ እየጠቀጠቁ ግድቡን ይሠራሉ። ግድቡ ራሱ የእንጨትና የድንጋይ ጥልፍልፍ ነው። ውሃው ሁሉ አይያዝም፤ ከፊሉ በሰያፉ ተመርቶ ወደ ዋናው ቦይ ይገባል፥ ከፊሉ መንገዱን ይቀጥላል። ከዋናው ቦይ ወደ ትንንሾቹ፥ ከትንንሾቹ ወደ ሽንኩርቱና ወደ ቲማቲሙ መደብ ይከፋፈላል። ከተራራ ላይ ሆኖ ለሚያየው ሜዳው በውሃ ክር የተጠለፈ ቀሚስ ይመስላል። ግስ ያወጡት ሰዎች ምን አይተው እንዳወጡት አላውቅም፤ እኔ ግን ያን ቀን ከአያቴ ጋር ኮረብታው ላይ ቆሜ ሳይ፥ የእናቴ መርፌና የአያቴ ዶማ አንድ ግስ የያዙት ያለ ምክንያት አይደለም አልሁ።

ነገር ግን ወንዝ ሲጠለፍ ከታች ያለ ሰው አለ። ከላይ የጠለፈ ሁሉንም የወሰደ እንደሆነ ከታች ያለው ማሳ ይደርቃል። ስለዚህ የውሃ ተራ አለ፤ ተራውን የሚያስጠብቅ የውሃ አባት የሚባል ሽማግሌ ይመረጣል። ማን በቀን፥ ማን በሌሊት፥ ማን ስንት ሰዓት እንደሚያጠጣ የሚደለድለው እሱ ነው። በሌሊት ተነሥቶ የሰው ቦይ የሚሰብር አይጠፋም፤ በዚህም ምክንያት ዶማ ለዶማ የሚያያዙ አሉ። የውሃ አባቱ ጠዋት መጥቶ ያስታርቃል፥ ያስቀጣል። ወንዛችን ሮቢ ደግሞ እዚህ አያልቅም። ወደ አዋሽ ሸለቆ ወደ አፋር አገር ይወርዳል፤ ከእኛ በታች ያለው የአፋር ወረዳ ሰሙሮቢ ገለአሎ ይባላል፤ የወንዙ ስም በወረዳው ስም ውስጥ አለ። እኛ ሽንኩርት ስናጠጣ እነሱ ግመልና ከብት ያጠጣሉ። ይህን የሚያውቅ ሰው «ጠለፍሁት» የሚለውን ቃል ሲናገር ወደ ታች ማየት ይገባዋል።

ከዚህ ቀጥሎ የቃሉን ክፉ ጎን ልናገር፤ እሱን ትቼ ባልፍ ያቺ ጓደኛዬ ትታዘበኛለች። በኳስ ሜዳችን ሮጦ የሚያልፈውን ልጅ ከኋላ እግሩን ጠልፎ የሚጥል አለ፤ ዳኛው ፊሽካ ይነፋበታል። በመሥሪያ ቤት አንዱ የአንዱን ዕድገት ሲያሰናክል ተጠላለፉ ይባላል፤ ለዚህ ግን ፊሽካ የሚነፋ ዳኛ ብዙ ጊዜ አይገኝም። አውሮፕላንም ይጠለፋል፤ በኅዳር ወር 1989 ዓ.ም. የተጠለፈው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ነዳጁ አልቆ በኮሞሮስ ደሴት አጠገብ ባሕር ላይ ሲወድቅ፥ ከነበሩት 175 ሰዎች 125ቱ አልቀዋል። ስልክም ይጠለፋል። በእነዚህ ሁሉ ቃሉ የሚናገረው፥ በራሱ መንገድ የሚሄድን ነገር ያለ ፈቃዱ ከመንገዱ ስለ ማስወጣት ነው።

ከሁሉም የከፋው የሴት ልጅ ጠለፋ ነው። በዚህ ላይ በዝርዝር አልናገርም፤ ከወላጆቻችን መካከል በዚያ መንገድ የተዳሩ ሊኖሩ ይችላሉና። ነገር ግን እኔ ሴት ልጅ ስለሆንሁ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልሁም። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠለፋን በወንጀልነት ቢቆጥረውም፥ ልጅቱ ጠላፊዋን ያገባች እንደሆነ ሰውየው ከቅጣት የሚድንበት በር ነበረው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ያን በር ዘጋው፤ በአንቀጽ 587 ለማግባት ብሎ ሴትን በኀይል የጠለፈ ሰው ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት እንዲቀጣ ደነገገ። ሕጉ ከወጣ በኋላ የተወለድን ልጆች ነን፤ ሆኖም ውሃ ልትቀዳ ስትሄድ ወደ ኋላዋ የምትመለከት ልጅ ገና አልጠፋችም። ጥልፍ ስትጠልፍ የዋለችው ልጅ በዚያው ግስ ስትወሰድ፥ ቋንቋችን ምን ያህል ሁለት ፊት እንዳለው ያሳያል።

እንግዲህ የቃሉ አንዱ ፊት ጌጥና እንጀራ፥ ሌላው ፊት መውደቅና መነጠቅ ነው። ታዲያ ጓደኛችን «ጥልፍልፍ ሕዝብ» ሲል በየትኛው ፊቱ ነው የጠራን? ይህን ለመፍረድ ቃሉን ከጎረቤቶቹ መለየት ግድ ሆነብኝ።

አንደኛው ጎረቤት ድብልቅ ነው። ሽሮና ጨው የተደባለቁ እንደሆነ ጨዉን መልሶ ማውጣት አይቻልም። ጥልፍልፍ ግን እንዲህ አይደለም። አፋሮች ለቤታቸው የሚሠሩትን የዘምባባ ሰሌን አይታችሁ እንደሆነ፥ እያንዳንዱ ሰንጠረቅ ከዳር እስከ ዳር በዐይን ሊከተሉት ይቻላል፤ በሌላው ላይ ያልፋል፥ በሌላው ሥር ይገባል፥ ግን ራሱን ሆኖ ይወጣል። የጠፍር አልጋም እንዲሁ ነው፤ ጠፍሩ አንዱ በአንዱ ላይ ስለሚያልፍ ሰው ይሸከማል፤ ለየብቻው የተዘረጋ ጠፍር ግን ሰው ሲተኛበት ይለያያል። ሁለተኛው ጎረቤት ትብትብ ነው። የተተበተበ ሰው እጁና እግሩ ታስሮአል፤ ትብትብ ውስጥ አሳሪና ታሳሪ አለ። በጥልፍልፍ ውስጥ ግን ሁለቱም ክሮች አንዳንድ ጊዜ ከላይ አንዳንድ ጊዜ ከታች ናቸው። ሁልጊዜ ከላይ የሚሆን ክር ካለ፥ እሱ ጥልፍልፍ ሳይሆን ሌላውን የተጫነ ነው፤ ሥራውም አይይዝም። ሦስተኛው ምስቅልቅል ነው፤ እሱ መልክ የሌለው ነው። ጉንጉን ደግሞ የአበባም የፀጉርም ይሆናል፤ ይኸኛው የቅርብ ዘመዱ ነው፤ ነገር ግን ለደስታ እንጂ ለችግር ሲነገር ብዙ ጊዜ አልሰማሁም።

ከዚህ በኋላ የይፋትን ቆላ ስመለከት ጓደኛችን ምን ለማለት እንደፈለገ ገባኝ። የታሪክ መምህራችን ይፍቀዱልኝና፥ ይፋት ከ13ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ የወላስማ ሱልጣኖች መንግሥት ነበረ፤ ከዘይላ ወደብ የሚመጣው ንግድ ወደ ደጋው የሚወጣው በዚሁ በኩል ነው። በ14ኛው መቶ ዓመት ዐፄ ዐምደ ጽዮንና የይፋቱ ሰብረዲን ተዋጉ። ጦርነቱን መጻሕፍት ይናገራሉ፤ በጦርነቱና በጦርነቱ መካከል ደግሞ ጨዉና ጨርቁ ያልፍ ነበር። ከዚያም በኋላ አልዩ አምባ የነጋዴና የግመል መገናኛ ሆኖ ኖረ። አርጎባዎቹ ሸማኔና ነጋዴ ናቸው፤ ቋንቋቸው አርጎብኛ ለአማርኛ የቅርብ ዘመድ ነው፤ በወሎ በሾንቄና በጦለሃ የሚናገሩት አሉ፤ በይፋት ያሉት ብዙዎቹ ግን አማርኛ ይናገራሉ።

የምንናገረውን አማርኛ እንኳ ብትመለከቱ ክሩ አንድ አይደለም። ሱቅ ሄደን ደላላ ይዘን ሰነድ ስንፈራረም ሦስቱም ቃላት ከዐረብኛ የመጡ ናቸው። ልጅ በጉዲፈቻ ስናሳድግ ቃሉም ሥርዓቱም የኦሮሞ ነው። መኪናና ጎማ ደግሞ ከጣልያኖች የቀሩን ናቸው። የአፋር መንገደኛ ሲገናኝ ቆሞ የሚለዋወጠውን ወሬ ዳጉ እንላለን፤ የዚህ አገር ሰው ለዚህ ነገር ሌላ ቃል አይፈልግም።

እሑድ እሑድ በሰንበቴ ገበያ የሄደ ሰው ይህን በዐይኑ ያያል። አፋሩ ከብቱን፥ አርጎባው ሸማውን፥ ኦሮሞውና አማራው ማሽላውን፥ ማሾውንና ቅቤውን ይዞ ይመጣል። በመገበያያው ሰዓት ሁሉም ያለውን ቋንቋ ያዋጣል፤ ያልቻለ በጣቱ ይቆጥራል። ግጭት በተነሣ ጊዜ መጀመሪያ የሚቆመው ገበያው ነው፤ ሰላም ወረደ የሚባለውም ገበያተኛው ተመልሶ ሲመጣ ነው። አንድ ሽማግሌ ነጋዴ የነገሩኝን ልንገራችሁ። በዚያ ክፉ ጊዜ ከወዲያ ማዶ ያለ ደንበኛቸው የዱቤ ገንዘብ ነበረባቸው፤ ለወራት አልተገናኙም። መንገድ ሲከፈት ያ ሰው መጣ፤ ገንዘቡን ቆጥሮ አስረከበ፤ ከዚያ ቁጭ ብለው የሞተባቸውን እየተነጋገሩ አለቀሱ። «ለምን ገንዘቡን አስቀድሞ?» ብላቸው፥ «ውል ነው ልጄ፤ ለቅሶው ከውሉ በኋላ ነው» አሉኝ።

እዚህ ላይ ነው የእናቴ ቃል ትዝ ያለኝ። አማርኛ የክሩን ጫፍ ውል ይለዋል፤ ሁለት ሰዎች ተስማምተው የሚፈራረሙበትንም ውል ይለዋል። ውሃን በተራ ማጠጣት ውል ነው። ጋብቻ ውል ነው፤ ጠለፋ ወንጀል የሆነውም ያለ ውል ስለሆነ ነው። ግጦሽ በክረምት የማን፥ በበጋ የማን እንደሚሆን የሚነጋገሩት ሽማግሌዎች የሚይዙት ይህንኑ ጫፍ ነው። ስለዚህ ያቺን ጓደኛዬንና ያን ጓደኛዬን ያጣላቸው ቃሉ አይመስለኝም። እሱ ሲጽፍ ውሉ የተያዘውን ጥልፍልፍ እያሰበ ነበር፤ እርስዋ ስትሰማ ውሉ የጠፋውን ታውቅ ነበር። ሁለቱም ያዩትን ነው የተናገሩት።

በመጽሐፍና በጋዜጣ ለምንጽፍ ከዚህ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልገናል። «የተጠላለፈ ችግር» ብለን ስንጽፍ ማን ከማን ጋር፥ በምን ላይ እንደተጠላለፈ ካልተናገርን፥ ለአንባቢው የሰጠነው ውሉ የጠፋበት ልቃቂት ነው። ብዙ ጸሐፊ ይህን ቃል የሚያነሣው ነገሩ ሲያታክተው ነው፤ «ነገሩ ጥልፍልፍ ነው» ይልና ብዕሩን ያስቀምጣል። ከአያቴ ጋር ወደ ወንዝ ብንሄድ ግን ይህ አባባል መጀመሪያ ነው እንጂ መጨረሻ አይደለም፤ እሳቸው ወንዙ ተጠልፎአል ከተባሉ «ማን ጠለፈው? ከየት ላይ? ተራው የማን ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። የአማርኛ መምህራችን ከዚህ ወዲያ በድርሰታችን ኅዳግ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ውሉስ?» ብለው ይጽፉብናል። ውጤት ባይጨምርልንም ልማድ ሆኖብናል።

ድርሰቱ ምን ሆነ ብላችሁ እንደሆነ፥ ጓደኛችን እንደገና ጻፈው። ጥልፍልፍ የሚለውን ቃል አልሰረዘውም፤ እርስዋም ሰርዘው አላለችውም። ነገር ግን የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ከመሆን አውርዶ ወደ መካከል አስገባው፤ ከፊቱም የውሃውን ተራ፥ የሰንበቴን ገበያና የአጣዬን መቃጠል አስቀደመ። እርስዋ አንብባ ስትጨርስ አንድ ፊደል ብቻ አርማ መለሰችለት፤ «ሐረግ»ን በሀሌታው «ሀ» ጽፎት ነበር።

ክበባችን ከጠለፈ የተወለዱትን የቆላ ቃላት የሚመዘግብበት ደብተር ከፍቶአል። ደብተሩ በቤተ መጻሕፍቱ በር አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ነው። እስካሁን የሞላው ሁለት ገጽ ነው፤ የሸማኔዎቹ ገጽ ገና ባዶ ነው፤ የመስኖ ሥራ ላይ ያሉ አባቶቻችንም ገና አልጎበኙትም። ዛሬ ወደ ቤታችሁ ከመሄዳችሁ በፊት በዚያ በኩል እለፉልን። መጻፍ የማትችሉ ብትኖሩ ከአጠገቡ የተቀመጠው ተማሪ ይጽፍላችኋል፤ ከምትናገሩት ቃል ጋር ከማን እንደሰማችሁትና ለምን ሥራ እንደምትናገሩት ንገሩት።